ግፊቱ ደህና፣ ዓይኑ ግን እየጠፋ፦ የግላኮማ ሕክምና መመሪያዎች ለእኛ ምን ይላሉ?

በዓይን ክሊኒክ ደጃፍ ወረፋ ይዞ ለተቀመጠ ሰው ትልቁ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ግፊቴ ስንት ሆነ?» መልሱ 27 ከሆነ ፊቱ ይጨልማል፤ 18 ከሆነ ይፈታል። ሐኪሙም በሥራ ብዛት ተወጥሮ «18 ነው፤ ደህና ነዎት አባባ፣ ጠብታውን እንዳያቋርጡ» ይልና ቀጣዩን ያስጠራል። አባባ መርቀው ይወጣሉ። ሲወጡ ግን የበሩን መቃን በግራ ትከሻቸው ገጭተው ነው። መቃኑን አላዩትም።

የዘመኑ የግላኮማ ሕክምና መመሪያዎች ዋና ጭንቀት 18ቱ ሳይሆን መቃኑ ነው። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ፣ የአውሮፓ ግላኮማ ማኅበር፣ ናይስ በሚል ስሙ የሚታወቀው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ እንዲሁም በ2016 ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ አገሮችም የሚሆን መመሪያ ያወጣው ዓለም አቀፉ የዓይን ሕክምና ምክር ቤት በብዙ ዝርዝር ይለያያሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለት ነገር ግን ወደ አንድ መንገድ እየመጡ ነው። አንደኛው፣ መመርመር ያለበት ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ነርቩ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ሕክምናው የግድ በጠብታ መጀመር የለበትም የሚለው ነው። ይህ ሁለተኛው ለውጥ መመሪያውን ከጻፉት አገሮች ይልቅ ለእኛ የሚበጅ ይመስለኛል፤ ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ከቁጥሩ ጋር ያለንን ሒሳብ እንጨርስ።

ስሙ ራሱ አሳስቶናል። በአማርኛ «የዓይን ግፊት» ስንል በሽታውን ከመንስኤዎቹ በአንዱ ብቻ ጠርተነዋል። ግላኮማ የነርቭ በሽታ ነው። ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ነርቭ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቀጫጭን ክሮች የተጠቀለሉበት ገመድ ሲሆን፣ ግላኮማ እነዚህን ክሮች ቀስ በቀስ ይገድላቸዋል። የሞተ ክር አይመለስም። መጀመሪያ የሚጎዳው ከመሐል ወጣ ያለው እይታ ስለሆነ ታማሚው ጋዜጣ ያነባል፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባል፣ የሰው ፊት ይለያል። አንዱ ዓይን ያጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። ሕመም የለው፣ መቅላት የለው፤ ሰውየው በሽታው መኖሩን በምን ይወቅ? መሐሉ መደብዘዝ ሲጀምር ከክሮቹ የሚበዙት አልቀዋል።

ታዲያ ከ21 በላይ «ከፍተኛ»፣ ከዚያ በታች «ደህና» የሚለው ድንበር ከየት መጣ? ከሒሳብ ነው። የብዙ ጤነኛ ሰዎች ዓይን ሲለካ አማካዩ ከ15 እስከ 16 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆነ፤ በስታቲስቲክስ ደንብ ከአማካዩ ወደ ላይ ሁለት መደበኛ ልዩነት ሲቆጠር 21 ላይ ተደረሰ። ነርቭ ከዚህ በላይ ይሞታል፣ ከዚህ በታች ይድናል ብሎ አረጋግጦ መስመሩን ያሰመረ ማንም የለም። የአገሩን ሰው ቁመት ለክቶ ከአንድ ሜትር ከዘጠና በላይ የሆነውን ሁሉ ታማሚ እንደማለት ነው።

ድንበሩ በሁለቱም በኩል ያፈሳል። በአሜሪካዋ ባልቲሞር ተደርጎ በ1991 ውጤቱ በወጣው የዓይን ጥናት፣ ግላኮማ ከተገኘባቸው ዓይኖች ከግማሽ በላይ የሆኑት በመጀመሪያው ልኬት 21 ወይም ከዚያ በታች ነበሩ። በጃፓን ታጂሚ ከተማ የተደረገው ጥናት ደግሞ ይብሳል፤ ክፍት ማዕዘን በሚባለው የግላኮማ ዓይነት ከተያዙት ከመቶው 92ቱ ግፊታቸው ከ21 አላለፈም። በተቃራኒው በ2002 ይፋ በሆነው የአሜሪካ ትልቅ ጥናት ግፊታቸው ከፍ ያለ ነገር ግን ነርቫቸው ያልተነካ 1,636 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ሲታዩ፣ ሕክምና ካልጀመሩት ውስጥ በአምስት ዓመት ግላኮማ የያዛቸው 9.5 በመቶ፣ ከታከሙት ደግሞ 4.4 በመቶ ናቸው። ሕክምናው አደጋውን ከግማሽ በታች አውርዷል፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን ደግሞ ሕክምና ካልተሰጣቸው ከመቶው ዘጠናው በአምስት ዓመት ውስጥ አልታመሙም። ከፍተኛ ግፊት ያለው ሁሉ የግላኮማ ታማሚ አይደለም፤ ግፊቱ ዝቅ ያለ ሁሉም ነጻ አይደለም።

ስለዚህ መመሪያዎቹ ምርመራን የሚያስቡት እንደ ምስክሮች ቃል ነው፤ በአንዱ ቃል ብቻ አይፈረድም። ግፊት በተለያየ ቀንና ሰዓት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለካ ይላሉ፤ እንደ ደም ግፊት ሁሉ በቀን ውስጥ ይወጣል ይወርዳልና። የዓይን ፊተኛው መስታወት፣ ማለትም የኮርኒያ ውፍረትም ይታወቅ ይላሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። መለኪያው ኮርኒያን ተጭኖ ስለሚለካ ወፍራሙን ሲጫን ከእውነቱ በላይ፣ ስሱን ሲጫን ከእውነቱ በታች ያነባል። ያ የ2002 ጥናት ኮርኒያው ስስ የሆነ ሰው አደጋው ወፍራም ካለው በሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይቷል። መነጽር ለመጣል ሲል ኮርኒያውን በሌዘር ያስከረከመ ሰው ይህን ለሐኪሙ ካልተናገረ ቁጥሩ ዕድሜ ልኩን ሊዋሽለት ይችላል።

ነርቩ ወደ ዓይን የሚገባበት ክብ ቦታ መሐሉ ላይ ጎድጓዳ አለው፤ ክሮቹ ሲሞቱ ጎድጓዳው ይሰፋል፣ ጠርዙ ይሳሳል። ይህን ለማየት ብሌኑን በጠብታ አስፍቶ በሌንስ መመልከት ያስፈልጋል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜና የሠለጠነ ዓይን ነው። ከእሱም የሚረክስ አለ። ባትሪ ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው እያዛወሩ ብሌኖቹ እኩል መጥበባቸውን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ አንዱ ዓይን ከሌላው ይልቅ ነርቩ ከተጎዳ ባትሪው ወደ እሱ ሲዞር ብሌኑ በመጥበብ ፈንታ ይሰፋል። መብራትና ኢንተርኔት በሌለበት ጤና ጣቢያ ሳይቀር የሚሠራ ይህ ምርመራ እንደ ዋዛ መታለፉ ያስቆጫል። በአንጻሩ በከተማ የግል ክሊኒኮች የነርቩን ክር ውፍረት በብርሃን የሚለካው ኦሲቲ የተባለ መሣሪያ በቀለም ያሸበረቀ ወረቀት ያወጣል፤ ቀይ ያየ ታማሚ ይደነግጣል። መሣሪያው የሚያወዳድረው በውስጡ ከተጫነለት የጤነኞች መዝገብ ጋር ነው፤ ዓይኑ ከዚያ መዝገብ ሰዎች ለየት ያለ፣ በተለይም ሩቅ ማየት የሚቸግረው ሰው፣ ሳይታመም ቀይ ሊወጣለት ይችላል። የአውሮፓው መመሪያ በኦሲቲ ብቻ ግላኮማ ነው ብሎ መወሰን እንደማይገባ በግልጽ ያስጠነቅቃል። አባባ መቃኑን እንደማያዩት የሚያሳየው ደግሞ የእይታ መስክ ምርመራ ነው፦ አገጭን አስደግፎ፣ አንድ ነጥብ ላይ አተኩሮ፣ በዳር ብልጭ ያለ ብርሃን በታየ ቁጥር ቁልፍ መጫን። አድካሚ ነው፤ የመጀመሪያው ውጤትም ብዙ ጊዜ አይታመንም። ሲደጋገም ግን ሐኪሙ የሚፈልገውን ትልቁን ነገር ይነግረዋል፤ በሽታው ቆሟል ወይስ እየገፋ ነው።

አንድ ምርመራ ግን ከሁሉም በላይ ሲዘለል ይታያል። በኮርኒያና በዓይኑ ባለ ቀለም ክፍል መካከል ባለው ማዕዘን የዓይን ውስጥ ፈሳሽ ይወጣል። ማዕዘኑ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ይህ የሚታወቀው መስታወት ያለበት ልዩ ሌንስ ዓይን ላይ አሳርፎ በማየት ነው። ክፍት ከሆነ ሕክምናው አንድ ነው፤ ከተዘጋ ሌላ። ዝግ ማዕዘን በድንገት ሲከሰት ዓይኑ ይቀላል፣ ይወጋል፣ በመብራት ዙሪያ ቀስተ ደመና ይታያል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ያስመልሳል። ማስመለሱ ሰውን ወደ ጨጓራ ሕክምና ይመራዋል፤ እዚያ የሚባክነው ሰዓት ዓይኑን ሊያጠፋ ይችላል። ግላኮማ ድንገተኛ ሕክምና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ለኢትዮጵያ የተለየ አንድ ጉዳይም አለ፤ በየትኛውም የውጭ መመሪያ ውስጥ ከተሰጠው ቦታ ሰፋ ያለ ሊሰጠው ይገባል። በአንዳንድ ሰዎች ዓይን ሌንስ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ብናኝ ይከማቻል፤ ሐኪሞቹ ሲውዶኤክስፎሊዬሽን ይሉታል። ብናኙ ፈሳሹ የሚወጣበትን ወንፊት ይደፍናል። መጀመሪያ የገለጸው በ1917 ፊንላንዳዊው ሊንድበርግ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የስካንዲኔቪያ አገሮች በሽታ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። በ2004 የወጣ የኢትዮጵያ ጥናት ግን የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላቸው ከተዘጋጁ ታማሚዎች ከመቶው ወደ 39 የሚጠጉት ይህ ብናኝ እንዳለባቸው አገኘ። እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ነው። በዚህ ዓይነት ግላኮማ ግፊቱ በአንድ ቀን ውስጥ ክፉኛ ይዋዥቃል፤ ጠዋት 18 የነበረው ከሰዓት በኋላ 30 ሊሆን ይችላል፤ ነርቩም ከተለመደው ግላኮማ ይልቅ በፍጥነት ይጎዳል። ብናኙ በደንብ የሚታየው ብሌኑ ሲሰፋ ነው። ብሌን ሳይሰፋ ግፊት ብቻ ለክቶ ማሰናበት በሌላ አገር ስንፍና ቢሆን፣ እዚህ አገር ግን በሽታውን በዓይን አይቶ እንደማለፍ ነው።

ምርመራው ካለቀ በኋላ መመሪያዎቹ የሚያነሡት ሐሳብ «የታለመ ግፊት» ይባላል። ለሁሉም የሚሆን ጤነኛ ቁጥር የለም፤ ለዚህ ታማሚ፣ ለዚህ ዓይን፣ በዚህ ዕድሜ የሚበቃ ቁጥር ነው ያለው። የአሜሪካው መመሪያ መነሻ የሚያደርገው ከመጀመሪያው ግፊት ቢያንስ 25 በመቶ መቀነስን ነው። 28 የነበረው ወደ 21 ይወርዳል ማለት ነው። ግን ያ ሰው ነርቩ ብዙ የተጎዳ ከሆነ 21 ይበዛበታል፤ 12 ወይም 14 ሊፈለግለት ይችላል። የ45 ዓመት ጎልማሳና የ85 ዓመት አዛውንት ተመሳሳይ ጉዳት ቢኖራቸው ጎልማሳው ጠንከር ያለ ሕክምና ይገባዋል፤ ዓይኑ ገና 40 ዓመት ሊያገለግለው ነውና። በስዊድን ማልሞ ከተማ የተደረገ ታዋቂ ጥናት እያንዳንዷ የምትወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሽታው የመግፋቱን ዕድል ወደ አሥር በመቶ ገደማ እንደምትቀንስ አሳይቷል። በዚያው ጥናት ያ ነጭ ብናኝ ያለባቸው ሰዎች በሽታቸው ቶሎ እንደሚገፋ ታይቷል፤ ስለዚህ የማልሞ ከተማ ውጤት ከምናስበው በላይ ለእኛ ይቀርባል።

ስለዚህ «18 ነው፤ ደህና ነዎት» የሚለው ዐረፍተ ነገር ባዶ ነው። ከስንት ወርዶ 18 ሆነ? ለየትኛው ነርቭ? የታለመው ስንት ነበር? በታማሚው ካርድ ላይ የታለመው ግፊት ተጽፎ ካልተገኘ ሐኪም በተለዋወጠ ቁጥር ሕክምናው ከዜሮ ይጀምራል፤ በመንግሥት ሆስፒታል ደግሞ ሐኪም የማይለዋወጥበት ዓመት የለም።

አሁን ወደ ሕክምናው። ከ1978 ጀምሮ ቲሞሎል፣ ከ1996 ጀምሮ ደግሞ ላታኖፕሮስት ሐኪሞች በብዛት የሚያዙአቸው ጠብታዎች ሆነዋል። ሁለቱም በዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ቲሞሎል ርካሽና በብዛት የሚገኝ ነው፤ አስም ላለበትና ልቡ ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው ግን አደገኛ ነው። ጠብታ ስለሆነ ብቻ ዓይን ውስጥ የሚቀር ይመስለናል፤ በአፍንጫ በኩል ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል። ከጨመሩ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ የዓይኑን የአፍንጫ በኩል ጥግ ሁለት ሦስት ደቂቃ በጣት መጫን የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ይህን የሚነግር ፋርማሲ ያጋጠመው ሰው ዕድለኛ ነው። ላታኖፕሮስት በማታ አንድ ጠብታ ብቻ ይበቃዋል፣ ግፊትን በማውረድም ይበረታል። ችግሩ ዋጋውና ጠባዩ ነው። ያልተከፈተው ብልቃጥ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት ጥቂት ሳምንታት ብቻ ይቆያል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ላለ ሰው ይህ መመሪያ ምን ያደርግለታል? ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ በመንገደኛ ሻንጣ የላከው ብልቃጥስ ስንት ቀን በሙቀት ውስጥ ኖሮ ነው የደረሰው? መንገደኛው ዘግይቶ ሲመጣ ደግሞ ሕክምናው ለአንድ ወር ይቋረጣል።

ማቋረጥ የግላኮማ ሕክምና ዋና ደዌ ነው፤ በሀብታም አገርም እንዲሁ። በሽታው አያም፤ ጠብታው ግን ያቃጥላል፣ ያቀላል፣ ገንዘብ ያስወጣል። ተጠቅሞ የሚያገኘው ስሜት የለም። እየጨመረም ማየቱ አይሻሻልም፤ ቢበዛ ባለበት ይቆያል። በዚህ ሁኔታ ዕድሜ ልክ በየቀኑ መድኃኒት እንዲጨምር የሚጠየቅ ሰው ባያቋርጥ ነው የሚገርመው።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከዚህ ነው። በእንግሊዝ ስድስት ሆስፒታሎች 718 አዲስ ታማሚዎችን ለሁለት የከፈለ ጥናት በ2019 ውጤቱን አወጣ። ግማሾቹ በተለመደው መንገድ በጠብታ ጀመሩ። ግማሾቹ ደግሞ ፈሳሹ በሚወጣበት ወንፊት ላይ በጥቂት ደቂቃዎች የሚደረግ፣ ሳይቆርጥና ሳያቃጥል ወንፊቱን የሚያነቃቃ ሌዘር ተደረገላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ከሌዘሩ ቡድን 74 በመቶ ያህሉ ያለ ምንም ጠብታ በታለመላቸው ግፊት ላይ ነበሩ። በጠብታ ከጀመሩት 11 ታማሚዎች ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልጋቸው ከሌዘሩ ቡድን አንድም አልነበረም። ስድስት ዓመት ሲሞላ እንኳ ከሌዘሩ ቡድን ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት ያለ ጠብታ ቀጥለዋል። ናይስ በጥር 2022 መመሪያውን አሻሽሎ ይህን ሌዘር ለአዲስ የክፍት ማዕዘን ታማሚዎች የመጀመሪያ ምርጫ አደረገው። የአውሮፓው መመሪያም ከጠብታ ጋር እኩል መነሻ አድርጎ አስቀምጦታል።

ይህ የእንግሊዝ ወሬ ነው ለሚል ሰው ቀረብ ያለ ማስረጃ አለ። ሞሺ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር ያለች የታንዛኒያ ከተማ ናት። እዚያ ባለው የኪሊማንጃሮ ክርስቲያን ሕክምና ማዕከል 201 ታማሚዎች ተመርጠው ግማሹ ቲሞሎል፣ ግማሹ ሌዘር ተሰጣቸው። እንደ እንግሊዙ ጥናት በጅምር ላይ ያሉ ብቻ አልተመረጡም፤ እንደ እኛው በሽታው ከገፋ በኋላ የሚመጡም ነበሩበት። በ2021 በወጣው ውጤት መሠረት ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የተሳካው በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች በ61 በመቶው፣ በቲሞሎል ከታከሙት ግን በ31 በመቶው ነው። እጥፍ ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ የእኔ አስተያየት ነው። ሌዘር በእንግሊዝ ምቾት ነው፤ እዚህ ግን ለብዙ ሰው ብቸኛው እውነተኛ ሕክምና ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ሌዘር ባይደረግለት ጠብታውን በርካሽ ያገኛል፣ ቀጠሮውም ይጠብቀዋል። ከደብረ ታቦር ወይም ከነቀምቴ ገጠር ተነሥቶ፣ ከልጁ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አልጋ ተከራይቶ ከተማ የመጣ ገበሬ ግን ሐኪም ፊት የሚቀርበው ምናልባት በዓመት አንዴ ነው። በዚያች አንድ ቀን እጁ ላይ ማዘዣ ጽፎ መላክ ይሻላል ወይስ እዚያው ሌዘሩን ጨርሶ መላክ? ጠብታው በየወሩ ገንዘብና መንገድ ይጠይቃል፤ ሌዘሩ መጀመሪያ ላይ አንዴ። መሣሪያው ውድ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ መሣሪያ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ለብዙ ሺህ ሰው ይሠራል፤ አንድ ብልቃጥ ለአንድ ሰው ለአንድ ወር ነው።

ሌዘሩን እንደ ተአምር ማየትም አይገባም። በሞሺ ከመቶው 39 ዓይን አልተሳካለትም። የሌዘሩ ኃይል በዓመታት ይደክማል፤ ነጭ ብናኙ ባለበት ዓይን ደግሞ ቶሎ የመድከም ጠባይ አለው፤ ይደገም ይሆናል እንጂ ዘላለማዊ አይደለም። ማዕዘኑ ለተዘጋበት ዓይን አይሆንም፤ ያ የዘለልነው የማዕዘን ምርመራ እዚህ ዋጋ ያስከፍላል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በሌዘር ታክሞ ጠብታ የማይጨምር ሰው ዳንኩ ብሎ ሊጠፋ ይችላል። ጠብታው ምንም ቢሆን በየወሩ «በሽተኛ ነህ» እያለ ያስታውሰው ነበር። ስለዚህ ሌዘርን ማስቀደም የሚያዋጣው የታማሚ መዝገብና ስልክ ደውሎ የሚጠራ ሰው ካለ ነው። ሌዘሩን ገዝቶ ደዋዩን መቅጠር የረሳ ሆስፒታል ከዓመታት በኋላ የጠፉ ዓይኖችን ይቀበላል። መሣሪያው ሲበላሽ የሚጠግነውስ ማን ነው? በየሆስፒታሉ ጓዳ ሸራ ለብሰው የቆሙ መሣሪያዎችን ያየ ሰው ይህን ጥያቄ አይንቅም።

በሽታው በጣም ከገፋ መመሪያዎቹ ከጠብታም ከሌዘርም ያልፋሉ። ናይስ ገና ሲመጣ ከባድ ደረጃ ላይ ለደረሰ ታማሚ ቀዶ ሕክምና እንዲቀርብለት ይላል። ለፈሳሹ አዲስ መውጫ የሚከፍተው ይህ ቀዶ ሕክምና ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራበት ነው። በ2021 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት 453 ከባድ ታማሚዎችን አወዳድሮ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ በቀዶ ሕክምና የጀመሩት አማካይ ግፊታቸው 12.4፣ በጠብታ የጀመሩት ደግሞ 15.1 እንደሆነ አገኘ። ይህን ምክር ለእኛ ሰው ማስረዳት ግን ቀላል አይደለም። ጎረቤቱ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በማግስቱ የልጁን ፊት ሲያይ ተመልክቷል። እሱም «ዓይኔን ተቀድጄ» ብርሃን ይጠብቃል። የግላኮማ ቀዶ ሕክምና ግን የጠፋውን አይመልስም፤ የተረፈውን ነው የሚያቆየው፤ አንዳንዴም ለጊዜው እይታን ያደበዝዛል። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ «ቀደው አጠፉኝ» የሚል ወሬ ሰፈሩን ያዳርሳል፤ ቀጣዩ ታማሚ ቀዶ ሕክምና ሲባል ይሸሻል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚደረግ የአሥር ደቂቃ ውይይት እንደ ቢላዋው ሁሉ የሕክምናው አካል ነው።

ስለ መከላከል ብዙ የሚባል የለም፤ አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አይችልም። ዓይናቸውን ዘወትር ለሚያሳክካቸው ልጆች ያለ ማዘዣ የሚገዛው የስቴሮይድ ጠብታ፣ ዴክሳሜታሶንን የመሰለው፣ ማሳከኩን በአንድ ቀን ያጠፋል። ለዚህ ነው እናት ደጋግማ የምትገዛው። በወራት ውስጥ ግን በአንዳንድ ልጆች ግፊቱን ከፍ አድርጎ ግላኮማ ያመጣል፤ የልጁ ዓይን ደግሞ ነጭ ነው፣ አያም፣ «ድኗል»። ብልቃጡ ላይ ስሙ በትንሹ የተጻፈውን መድኃኒት ለይቶ «ይህን ያለ ሐኪም አልሸጥም» የሚል የፋርማሲ ባለሙያ ከብዙ ዘመቻ ይበልጣል።

ሰውን ሁሉ አሰልፎ መመርመርስ? በ2006 ገደማ በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከአገሪቱ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ግላኮማ የ5.2 በመቶው መንስኤ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ከዓይን ሞራ፣ ከትራኮማና ከሌሎችም መንስኤዎች በኋላ። ቁጥሩ አነስ ያለው ጥናቶቹ የሚለኩት በፊደል ገበታ በመሆኑ ጭምር ነው፤ ዳሩ ጠፍቶ መሐሉ የቀረለት ሰው ፊደሉን አንብቦ ያልፋል። ያም ሆኖ የጅምላ ምርመራ ማስረጃው ደካማ ነው፤ የአሜሪካው የመከላከል ግብረ ኃይልም በ2022 ማስረጃው በቂ አይደለም ብሏል። የሚያዋጣው ዘመድ መፈለግ ነው። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም የተደረገ ጥናት የታማሚዎች እህት፣ ወንድምና ልጆች በዕድሜ ዘመናቸው በግላኮማ የመያዝ ዕድላቸው 22 በመቶ፣ ታማሚ ዘመድ ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸር ዘጠኝ እጥፍ ያህል እንደሆነ አሳይቷል። በእንግሊዝ የሚኖር፣ ዕድሜው ከ40 ያለፈና ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ ግላኮማ ያለበት ሰው የዓይን ምርመራ በነጻ ያገኛል። በአሜሪካ ደግሞ በሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ የታቀፈ ሰው የግላኮማ ታማሚ ዘመድ ካለው በየዓመቱ እንዲመረመር መድኑ ይሸፍንለታል። ለንደን ወይም ዋሽንግተን ያለ ወገናችን ይህን መብቱን የሚጠቀመው ግን አባቱ አገር ቤት ምን እንደታመሙ በስሙ ከነገሩት ነው። «ዓይኔን ያመኛል» የሚለው በቂ አይደለም።

አባባም ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ነው። ማዘዣው በጃኬታቸው ኪስ ነው፤ 18 የሚለው ቁጥር በካርዳቸው ላይ ተጽፏል። ስንት ወንድምና እህት፣ ስንት ልጅ እንዳላቸው ማንም አልጠየቃቸውም። መቃኑን ከገጩ በኋላ ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን የሚያወርዳቸው የ44 ዓመት ልጃቸው ነው። እሱ ዓይኑን ተመርምሮ አያውቅም።